ከውስጥ ይከፈት እንደሆነ

መሶብ ቀርቦ ስምህ ሳይነሣ ለማይዋለው ለውድ ወንድሜ ለጌታነህ ወልደመስቀል።

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን አለህ? ያ በበረዶ የሚሰነጣጠቀው እጅህ እንዴት ሆነ? ወገብህስ? ቀኑን ሙሉ ቆሞ ዓሣ ማሸግ ወገብ ይቆርጣል ብለኸን ስለነበር፣ እማዬ ስትጸልይ ከነፍስህ ቀጥሎ ወገብህን ታነሣለች። ባለቤትህ ሶሲ እንዴት ናት? ሕፃኑስ ጥርስ አወጣ? አማርኛ ታስተምሩታላችሁ ወይስ በዚያው በአገሩ ቋንቋ ሊቀር ነው? የኬፕታውን ብርድ አልፎላችኋል? እኔ፣ ባለቤቴ ፋኑኤል፣ ልጃችን ማርያማዊት፣ ከሁሉም በላይ እማዬ፣ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነን እንድልህ የደብዳቤ ወግ ያስገድደኛል። ወጉን ላለማፍረስ ጻፍኩት እንጂ ደህና አይደለንም።

ደብዳቤውን የሚያመጣልህ ቤኒ ነው፤ የቦዲቲው የጨርቅ ነጋዴ ልጅ፣ እናንተ ጋ ሱቅ ያለው። ለጊፋታ አዲስ ዓመት መጥቶ ነበር፣ በዚህ ሳምንት በአውሮፕላን ይመለሳል። ከእሱ ጋር ዳጣ ልኬልሃለሁ፤ ክዳኑን በፕላስተር ደጋግሜ አሽጌዋለሁና ስትከፍተው ልብስህን ጠብቅ። በስልክ እንዳልነግርህ፣ በደወልህ ቁጥር እማዬ ‹ድምፁን ከፍ አድርጉት› ትላለች። መልእክት እንዳልጽፍልህ ደግሞ ስልኩ ላይ የገባውን ሁሉ ማርያማዊት ለአያቷ ጮክ ብላ ታነብላታለች። ማንበብ መቻሏን ለዓለም የምታሳይበት ዕድሜ ላይ ናት። ስለዚህ ወረቀት ይሻላል አልኩ።

ባለፈው ስትደውል ታናሻችንን ዘላለምን እንዴት ለቀቃችሁት፣ የላክሁላችሁንስ የዓሣ ማሸጊያ ማሽን እንዴት አስሸጣችሁት ብለህ ተቆጥተህ ነበር። ብትቆጣ አይፈረድብህም። ያንን የደላላ መንገድ በዓይንህ ያየኸው አንተ ነህ፤ ማናችንም በዚያ እንዳንመጣብህ አስምለኸን ነበር። እማዬ ግን ቁጣህን ሰምታ ስልኩን ለእኔ ከሰጠችኝ ጀምሮ ‹ልጄ ተቀይሞኛል› እንዳለች ነው። አልተቀየመሽም ብላት አትሰማኝም። ታናሻችን ለምን እንደሄደ ብታውቅ ኖሮ እንደዚያ አትናገራትም ነበር፤ ስለዚህ ከሥሩ ልጀምርልህ።

ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት የነበረውን አንተም ታውቀዋለህ። አባባ ነፍሱን ይማረውና ካረፈ ጀምሮ ያሳደገን ኮባ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ከዲምቱ በሞተር የሚመጣውን የአባያ ዓሣ እማዬ ማለዳ ትቀበላለች፤ የቆሮሶውን ቅርፊት አራግፋ፣ አምባዛውን ቆራርጣ፣ በእሳት ለብ ለብ ባደረገችው ኮባ ጠቅልላ በቃጫ ታስረዋለች። ኮባው ዓሣውን ቀዝቀዝ አድርጎ እስከ ማታ ያደርሰው ነበር። በሶዶ መርካቶ ‹የየትምወርቅ እስር› ከተባለ ሰው ሳይፈታ ነበር የሚገዛው።

ከዚያ ገበያው ተለወጠ። ሆቴሎቹ ዓሣው በነጭ የፎም ሣጥን፣ በበረዶ ተቀብሮ ካልመጣ አንቀበልም አሉ። ሱፐርማርኬት የከፈቱት ደግሞ ፊሌቶው፣ አጥንት የሌለው ሥጋው ብቻ ተለይቶ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ የታሸገበትና የሚበላሽበት ቀን ተጽፎበት ይምጣ አሉ። ሰዉም ቶሎ ለመደው። ሽታ የለውም፣ ቦርሳ አያረጥብም፣ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል። የእማዬን እስር የሚገዙት የድሮ ደንበኞቿ ብቻ ሆኑ። አንተ ከምትሠራበት ፋብሪካ ያገለገለውን ማሸጊያ ገዝተህ የላክኸው ያን ጊዜ ነው። አየሩን ምጥጥ አድርጎ ላስቲኩን ከዓሣው ጋር ሲያጣብቀው እማዬ አማተበችና ‹ይኼ ዓሣ አሁን ገና ሞተ› አለች። ዘላለም ግን እንደ ሙሽራ ነበር የሚያየው። አቧራ እንዳይነካው የራሱን ጋቢ አለበሰው።

ሥራው እንዴት እንዳደገ ያን ጊዜ በየሳምንቱ እነግርህ ስለነበር አልደግመውም። በሁዳዴ የእኛ ዓሣ ቦዲቲም አረካም ይደርስ ነበር። አንድ ጊዜ እንዲያውም እዚያ ያሉት ነጮች ላስቲክ ሰልችቷቸው አሁን ዓሣውን በቅጠልና በወረቀት እንጠቅልል እያሉ ነው ብለህ ነገርኸን። እዚህም ፌስታል ሊቀር ነው እየተባለ ነበር። እማዬ እስክታለቅስ ሳቀችና ‹እንግዲያው ኮባዬን ይዤ ልጠብቃቸው፣ ዞረው መምጣታቸው አይቀርም› አለች። በዚያ ቤት እንደዚያ የተሳቀበት የመጨረሻው ቀን ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ሥራ አንድ ክፉ አመል አለው፤ በጾም ይሮጣል፣ በፍስክ ይተኛል። አምና ፋሲካ እንዳለፈ ዓሣ የሚል ሰው ጠፋ። በበዓለ ሃምሳ ማን ዓሣ ይበላል? ሶዶ ተቀምጦ፣ ቁርጡ በየበሩ ተሰቅሎ? እማዬም ጉልበቷን አሟት ቤት ዋለች። በዚህ መሀል አንድ ሰው፣ ስሙ ምንም አያደርግልህም፣ ለአዲስ አበባ የሚልከውን ሥጋና የተነጠረ ቅቤ አሽግልኝ ብሎ ዘላለምን ለመነው። ዘላለምም አሸገለት።

በእኛ ቤት የጾም ድስትና የፍስክ ድስት በአንድ መደርደሪያ እንኳ እንደማይቀመጡ ታውቃለህ። የጾም ማማሰያ በስሕተት ቅቤ የነካ እንደሆነ እማዬ ለጎረቤት ሰጥታ ሌላ ትገዛለች። ዘላለምም ይህንን እያየ ነው ያደገው። ነገር ግን ማሽን ዕቃ መሆኑ አልታየውም። ድስት ዕቃ ነው፤ ጭልፋ ዕቃ ነው፤ ማሽን ለእሱ እንደ ባጃጅ ነው። ፍልሰታ ሊገባ ሲል በፍል ውኃና በሳሙና አጠበውና ጨረስኩ አለ። ከማሸጊያው ጎማ ሥር ቅቤ ገብቶ ረግቶ እንደነበር አላየም። ጎማው ሲግል ያ ቅቤ ቀልጦ ላስቲኩ ውስጥ ይገባ ነበር።

ሰናይትን አትረሳትም፤ ከእማዬ ጋር ማኅበር የምትጠጣውን። በፍልሰታ ተራው የእሷ ነበር። ከቅዳሴ መልስ ለማኅበርተኞቹ የእኛን ዓሣ ከላስቲኩ አውጥታ ጠብሳ አቀረበች። ግማሾቹ ከበሉ በኋላ ነው አንዷ ‹ይሄ ነገር ቅቤ ቅቤ አይልም?› ያለችው። ላስቲኩን ሲያሸቱት የኮረሪማውና የኮሰረቱ ሽታ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

በነጋታው ሰናይት ላስቲኩን አጣጥፋ ይዛ መርካቶ መጣች። እማዬ ያን ቀን ሻል ብሏት ወጥታ ነበር፤ እኔም ምሳ ላደርስላት ሄጄ አጠገቧ ነበርኩ። ሰናይት ላስቲኩን ዘረጋችላትና ‹እትዬ የትምወርቅ፣ አስገደፍሽን› አለቻት። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። እማዬ ላስቲኩን ተቀብላ አሸተተችው። ከዚያ ቀና ብላ ከጎኗ የቆመውን ዘላለምን አየችው። ልጁ ፊቱ አመድ መስሎ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደመችው።

‹እኔ ነኝ። በፍስክ ሥጋና ቅቤ ያሸግሁበት እኔ ነኝ። ልጁ አያውቅም።›

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ጌታነህ። በማግሥቱ ወሬው ከተማውን አዳረሰው። በጾም ዓሣ መብላቱ ራሱ ካህናቱን የሚያከራክር ነገር መሆኑን ያን ሰሞን ያስታወሰ የለም፤ ሁሉም የቅቤው ነገር ብቻ ሆነ። የታሸገው ይቅርና በኮባ የታሰረውንም አንነካም አሉ። ማኅበሩ ጽዋ ሲያዞር እማዬን ዘለላት። እናታችን ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ተለይታ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ለብቻዋ ስትቆም አይቻታለሁ።

ለንስሐ አባታችን ለአባ ዓምደሚካኤል ግን እውነቱን ነግራቸዋለች። እሳቸውም የልጅሽን ስሕተት እግዚአብሔር ያያል፣ አንቺ ግን ያልሠራሽውን ሠራሁ ብለሽ በሕዝብ ፊት ዋሽተሻልና ለውሸቱ ስገጂ ብለው ቀኖና ሰጧት። ያንን የታመመ ጉልበት ይዛ በየማለዳው መስገድ ጀመረች። ከግድግዳው ወዲያ የሚተኛው ዘላለም ጉልበቷ መሬት ሲነካ ይሰማል። ስለ ውሸቱ መሆኑን አልነገረችውም፤ የንስሐ ነገር አይወራማ። እሱ ደግሞ ስለ እሱ ቅቤ የምትሰግድ መሰለው። ወጥቼ እውነቱን ልናገር ብሎ ለመናት። አንተ ገና ጎጆ ትወጣለህ፣ ሚስት ትጠይቃለህ፣ እኔ ምን ይቀርብኛል ብላ በማርያም ገዘተችው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባል የለ? አንተ ብትሆን ተቆጥተህ ትናገር ነበር። እሱ ዝም ብሎ ውስጥ ውስጡን ተበላ።

ለጊፋታ ሰው ሁሉ ወደ አገሩ በሚገባበት ሳምንት፣ አውቶቡሱ ሁሉ እየሞላ ወደ ሶዶ ሲመጣ፣ የእኛ ልጅ በተቃራኒው ወጣ። ዲምቱ ሄጄ ዓሣ ልይ ብሎ ጆንያውን አንጠልጥሎ ነው የሄደው። እማዬ ዓሣ ፍለጋ መውጣቱን ስታይ ልጄ ልቡ ተመለሰ ብላ ደስ አላት። ከሰዓት በኋላ ጋቢውን ማሽኑ ይቀመጥበት በነበረው ባዶ ወንበር ላይ ተጣጥፎ አገኘነው። ማሽኑን ቀድሞ ለቦዲቲ ሰው ሸጦ ለደላላ ከፍሎበት ኖሯል። ስለዚህ ማን አስሸጠው ብለህ የጠየቅኸኝ፣ ማንም አላስሸጠውም ወንድሜ። እኛ ያወቅነው ካለቀ በኋላ ነው።

ከናይሮቢ አንድ ጊዜ ደውሎ ነበር። ‹እማዬ፣ በቃ ስግደቱን ተዪው፤ ጥፋቱ ከቤትሽ ወጥቷል› አላት። እማዬም ‹ልጄ፣ ስግደቱ ያንተ አይደለም እኮ› አለችው። ግን መስመሩ ተቋርጦ ነበር። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሦስት አራቴ ደጋገመችለት። እኔ ተቋርጧል ማለት አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ አላስቻለኝም፤ ሰናይት ቤት ሄጄ ያለውን ሁሉ ነገርኳት። በመስቀል ማግሥት ሴቶቹን ሁሉ አስከትላ መጣች። እማዬ እግር ላይ ወደቀች። ደስ ሊለን ይገባ ነበር፣ ግን ሰናይት እያለቀሰች የተናገረችው ነገር ከቅያሜውም ከፋ።

‹እትዬ የትምወርቅ፣ ልጁ መሆኑን ብናውቅ እኮ ልጅ ነው ብለን ስቀን እንተወው ነበር። አንቺ እያወቅሽ አደረግሽው ብለን ነው የተቃጠልነው።›

እማዬ ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም። ፊቷን ወደ ዘላለም ግድግዳ አዙራ ለሰዎቹ ወንበር አምጡ አለችን። አሁን ሴቶቹ ከማንም ይልቅ ከእሷ ይገዛሉ፤ ኮባውን እየቆረጡ የሚያመጡላትም እነሱ ናቸው። እሷ ታስራለች፣ ትሸጣለች፣ መልስ ትሰጣለች፤ ስታሥቅ የኖረች ሴት ግን በዝምታ ነው የምትውለው። እኔ አንዳንዴ እናደድባታለሁ። ልጇን አድናለሁ ብላ ነው ያጣችው እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ማርያማዊት ብትሆንብኝ እኔም ያንኑ አደርግ ነበር እላለሁ። ንዴቱም አያሳርፈኝም፣ ፍርዱም አይወጣልኝም።

አሁን በወረቀት እንድጽፍልህ ወዳደረገኝ ነገር ልምጣ። እስካሁን ያልኩህን እማዬ ብትሰማውም ታውቀዋለች። ይህን ግን አታውቅም።

ባለፈው ሳምንት ጩማ የሚባል የጉኑኖ ልጅ ፋኑኤልን መሥሪያ ቤቱ ድረስ ፈልጎት መጣ። ከዘላለም ጋር አብሮ የሄደ ነው። ታንዛንያ ከገቡ በኋላ ወባ ጣለውና ደላሎቹ ትተውት ሄዱ፤ ፖሊስ ይዞ ጥቂት ቀን አሰንብቶ ወደ አገሩ መለሰው። ፋኑኤል ጠርቶኝ አገኘሁት። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ እኔም ልጁ ሊነግረኝ ያልፈለገውን እየጎረጎርሁ አወጣሁት። ከዚያ ወዲያ ደላሎቹ እነዘላለምን በተራ መኪና አልጫኗቸውም። የዓሣ መኪና ነው የመጣው፤ ጎኑ ላይ ሰማያዊ ዓሣ የተሳለበት፣ ቆርቆሮው ድርብ የሆነ፣ በረዶ ቤት። ኬላ ላይ ፖሊስ ቅዝቃዜው ይወጣል ተብሎ እንደዚያ ያለውን መኪና አይከፍተውም አሏቸው። ሾፌሩ ማቀዝቀዣውን አላበራም ብሎ ምሎላቸዋል።

ጩማ አማርኛው እንደኛ የገጠር ሰው ነው፤ አንገቱን ደፍቶ እንዲህ አለኝ። ‹እህቴ፣ እነሱ ገቡ። በሩ ከውጪ ተዘጋች። በብረት ተቀረቀረች። ዘላለም መጨረሻ ገባ፣ ለእኔ ውኃውን ሰጠኝ።›

ከዚያ ቀን ጀምሮ የዘላለም ስልክ ዝግ ነው።

ወንድሜ፣ አንተ እነዚህን መኪኖች በየቀኑ ትጭናለህ። በሩን ትከፍታለህ፣ ትዘጋለህ። ከዚህ አገር ሰው ሁሉ ለይቼ አንተን ልጠይቅህ የምችለው አንድ ነገር ነው። እነዚያ መኪኖች ከውስጥ ይከፈታሉ? ሰው በስሕተት ቢዘጋበት የሚጎትተው ነገር፣ የሚገፋው እጀታ አላቸው? አየር የሚያስገባ ቀዳዳስ? አላቸው ካልክ አንተን አምኜ እተኛለሁ። የላቸውም ካልክም ንገረኝ። ዓሣ ሲታሸግ አየሩ ሲወጣ እያየሁ ኖሬያለሁና ስለማላውቀው ነገር አይደለም የማስበው። ሌሊት ሌሊት የማስበው የማውቀውን ነው።

መልሱን በእማዬ ስልክ አትላክ። ለፋኑኤል በሥራ ሰዓት ደውልለት፤ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሃለሁ። ሰማያዊ ዓሣ የተሳለበትን መኪና ሾፌሮቹን ጠይቅልኝ። ከሐበሾቹ መሀል በቅርቡ የደረሰ ካለ፣ የታሰረ ካለ፣ በስሙ ጠይቅልኝ። የማይጠየቅበትም ቦታ ሄደህ ጠይቅ። ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባሃል፤ ቃሉን መጻፍ አልፈልግም።

ካገኘኸው ደግሞ አደራህን አትቆጣው። ማሽኑን አታንሣበት። ሰናይት ይቅር እንዳለችው፣ ከመጀመሪያውም እንዳልተቀየመችው፣ እማዬም በእሱ ምክንያት አንዲት ጊዜ እንኳ እንዳልሰገደች ንገረው። እማዬንም ደውለህ አነጋግራት። ስለ ምንም አታንሣ፤ ስለ ሕፃኑ ብቻ አውራት። አልተቀየምኩሽም አትበላት፣ ካልክማ ተቀይመህ እንደነበር ታውቃለች።

እንግዲህ ሰላምታውን ላድርስና ላብቃ፤ ቤኒ ልብሱን ሸክፎ ጨርሷል። እማዬ ከግንባርህ እስከ እግር ጥፍርህ ትስምሃለች፤ ሕፃኑን ደግሞ ሁለቱን ጉንጩን ለየብቻ። ፋኑኤል እጅ ነሥቷል። ማርያማዊት አጎቴን ሰላም በይልኝ፣ ማንበብ መቻሌንም ጻፊለት ብላኛለች። ሰናይትና ማኅበርተኞቹ ሁሉ ሰላም ይሉሃል። እናንተ ጋ ደግሞ ሶሲን አጥብቀህ ሳምልኝ፤ ሕፃኑን አቅፈህ አክስትህ ሶዶ አለች በለው።

እማዬ ይህን ስጽፍ አይታ፣ ላንተ መሆኑን ስላወቀች፣ የዘላለምን ሰላምታ እንዳትረሺ ብላኛለች። የት ላስገባው? ከዚህ ሆነው ሰላም ከሚሉህ ጋር እንዳልጽፈው ከዚህ የለም። እዚያ ሆነው ሰላም በልልኝ ከምልህ ጋር እንዳልጽፈው እዚያ መድረሱን አላውቅም። እማዬ አጠገቤ ቆማ እስክጽፈው ትጠብቃለች፤ ፊደሉን አትለይም፣ የስሙን ቅርጽ ግን ታውቃለች። ስለዚህ ለብቻው ጻፍኩት።

ዘላለም።

እህትህ አሳየሽ ወልደመስቀል
ወላይታ ሶዶ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.